ፓስዎርዱና ግማሹ ራሴ

ፀጉር አስተካካዩ የራሴን ግራ ጎን ላጭቶ ሲጨርስ ማሽኑን አጠፋና በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብሎ አየኝ።

«ያቺ አዲሷ ፓስዎርድ ማን ናት?»

«አልናገርም» አልኩት።

«እንግዲያው እኔም ደክሞኛል» ብሎ ማሽኑን ሰቀለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶዶ ውስጥ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። በበዴሳና በቤሌ ከተሞች ቅርንጫፎች አሉን፤ ሦስቱም መደብሮች በአንድ መስመር ተያይዘው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይሸጣሉ። ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ተቆለፉ። በዴሳ ደወለ፣ ቤሌ ደወለ። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ፋይላችሁን ከፈለጋችሁ ክፈሉ» የሚል ማስፈራሪያ ወጣ። ደግነቱ ከመስመሩ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ የማስቀምጠው የፋይሎቹ ግልባጭ ነበረኝና ሁሉንም መለስኩት። የመደብሩ ባለቤት፣ ቆፍጣና ሴት ናት፣ አመሰገነችኝ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። «ዳግመኛ ቫይረስ ከገባ ኮምፒውተሩም አንተም ትወጣላችሁ» አለችኝ። ተናደድኩ፤ ፈራሁም።

ስለዚህ ሠራተኞቹን ሰብስቤ፣ «የማታውቁትን ፋይል አትክፈቱ፤ ቢለምኗችሁም ቢያስፈራሯችሁም ፓስዎርድ አትስጡ» ብዬ አስተማርኩ። የዋይፋዩንም ፓስዎርድ ቀየርኩ። የድሮው በወረቀት ተጽፎ የመደብሩ በር መስታወት ላይ ተለጥፎ ነበር የሚኖረው። የለጠፈችው ባለቤቷ ራሷ ናት፤ እሳት ሊጭር የመጣን ጎረቤት ባዶ እጁን የማትመልስ ሴት ስለሆነች ኢንተርኔቱንም እንደዚያው ነው ያየችው። ልብስ ሰፊው የቀሚስ ሞዴል ያይበታል፣ ባጃጆች በራችን ላይ ተራ ይጠብቁበታል፣ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ ሲጠፋ ኳስ ያይበታል። ወረቀቱን በነቀልኩ ማግስት ልብስ ሰፊው ሰላምታ ነሳኝ። ባጃጆቹ ወደ ዳቦ ቤቱ ዞሩ። እኔ ደግሞ ለበዓሉ መላጨት ነበረብኝ።

ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ነፋሱ በግራ በኩል ብቻ ተሰማኝ። ሌላ ፀጉር ቤት መሄድ አያቅተኝም ነበር። ግን የጀመረው ይጨርሰው ብዬ እልህ ያዘኝና ኮፍያ አድርጌ ሥራ ገባሁ።

ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። በዓሉ ሲቃረብ ሽማግሌዎች መጡና መደብራችን ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጡ። ጎረቤቶቹ በአንድ ወገን፣ እኔና የመደብሩ ባለቤት በሌላ ወገን ቆምን።

«ልጄ፣ ኮፍያህን አውልቅ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። አወለቅኩ። አጠገባቸው የነበሩት አዛውንት ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቫይረስ ምን እንደሆነ አስረዳሁ። ትልቁ ሽማግሌ በጥሞና ሰሙኝ።

«ሌባ ነው አልክ። በየት በር ገባ?»

«በኢሜይል የመጣ ፋይል ሰው ከፍቶለት ነው፣ አባቴ።»

«ማነው የከፈተለት?»

«ከፈትኩ ያለ የለም።»

«እንግዲያው ሁሉም በሆዱ ያለውን ያውጣ። ሆድ በነገር ከተሞላ የበዓሉ ሥጋ የት ይገባል?»

ልብስ ሰፊው ከቀሚስ ሞዴሉ ይልቅ ፊልም ሲያወርድ እንደሚውል አመነ። ፀጉር አስተካካዩ ፓስዎርዱን ለደንበኞቹ ሁሉ ያድል እንደነበር፣ አንዳንዶቹም ለኢንተርኔቱ ሲሉ ብቻ ይላጩ እንደነበር ተናገረ።

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቷ። «ፋይሉ ‹የመኪና ዕጣ ደርሶሻል› ይላል። ከፈትኩት። አፍሬ ነው የደበቅኩት።»

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ምን ይሻላል ብለው ጠየቁኝና ለጎረቤት የተለየ መስመር መዘርጋት እንደሚቻል ነገርኳቸው። ተመካክረው ፈረዱ። የጎረቤቱ ፓስዎርድ እንደ ድሮው መስታወት ላይ ይለጠፍ። የመደብሩን እኔ ብቻ ልያዝ፣ ለማንም አልስጥ፤ ለባለቤቷም ጭምር። እሷ ከጎረቤቶቹ ጋር ትጠቀም። አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። ፀጉር አስተካካዩም ማሽኑን አምጥቶ እዚያው ሲሚንቶ ላይ አስቀምጦኝ ቀኙን ላጨኝ።

የበዓሉ ዕለት የመደብሩ ባለቤት ሁላችንንም ቤቷ ጠራችን። ሥጋው ተሰቅሏል፣ የቃሪያ ማባያው ዳጣ ቀርቧል። ባለቤቷ ከሻኛው ጥሩውን መርጣ አንዱን ጫፍ ለእኔ አስያዘችኝ፤ ሌላውን እሷ ይዛ በቢላዋ መቁረጥ ጀመረች። መሀል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ፓስዎርዱን ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልብስ ሰፊው ማኘኩን አቆመ። ብነግራት ሌባው ተመልሶ ይመጣና እኔ እወጣለሁ፤ ባልነግራት ሻኛው ይቀርብኛል። በጣም ርቦኝ ነበር።

ሥጋውን ለቀቅኩት።