የአክስቴ ዓሦች የተጋበዙ ዕለት

ልጅ እያለሁ ዓሣ ማለት ለእኔ ከሐዋሳ መጥቶ፣ ተጠብሶ በሎሚ የሚበላ ነገር ነበር። ስለዚህ አክስቴ አስቴር የሚታዩ እንጂ የማይበሉ ዓሦች ልትሸጥ ሆሳዕና ከተማ ገበያ አጠገብ ጠባብ ሱቅ ስትከራይ፣ ዘመድ ሁሉ ጤንነቷን ተጠራጠረ። እሷ ግን የልብስ ስፌት መኪናዋን ለዚሁ ሸጣ ጨርሳለች፤ ካልሆነላት የምትመለስበት ሥራ አልነበራትም።

ዓሦቹ አየር በተሞላ ፌስታል ሆነው፣ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ፣ በአክስቴ ጭን ላይ መጡ። ወደ መስታወቱ ሳጥን ስትለቃቸው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ብርቱካንማ አለ፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር አለ፣ ጭራው እንደ ሙሽራ ቬሎ የሚጎተት አለ። የመስታወቱ ሙጫ ሽታ ገና አልለቀቀም ነበር፤ እኔ ግን አፍንጫዬን ለጥፌ አልነቃነቅ አልኩ። እግዚአብሔር ማንም በማያየው ውሃ ውስጥ እንዲህ ተጨንቆ ቀለም መቀባቱ ገረመኝ፤ ዛሬም ይገርመኛል።

ቅዳሜ ሱቁ በጸሎት ተከፈተ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና ጎረቤቶች፣ ከአንጋጫ ገጠር ዘመዶቻችን ሳይቀሩ መጡ። ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን እኔ ዓሦቹን እያየሁ አሜን አልኩ። ከዚያ ዳቦ ተቆረሰ። እኛ ዘንድ ደግሞ የሚያይህ እያለ ብቻህን መጉረስ ነውር ነው። ዓሦቹ ትክ ብለው ሲያዩአቸው እንግዶቹ አላስቻላቸውም። አክስቴ ደጅ ሰው ስትቀበል አንዱ ፍርፋሪ ጣለ፣ ሌላዋ ጨመረች። የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ ላምቤቦ፣ «ከሩቅ አገር መጥተው ጾማቸውን ይዋሉ እንዴ?» ብለው ሙሉ ቁራሽ ለቀቁላቸው።

ከሰዓት በኋላ ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ። መብራትም እንደ ልማዱ ሄዶ አየር የሚነፋው ሞተር ቆመ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ፣ አቶ ላምቤቦ «አያችሁ፣ እነሱም አሜን እያሉ ነው» አሉና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አክስቴ ገብታ አየች።

«ትንፋሽ አጥሯቸው ነው» አለች።

ለመጠባበቂያ ያስቀመጠችውን የበርሜል ውሃ ሳፋ ላይ ገልብጣ ዓሦቹን አዛወረች። አየር እንዲገባበት ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከላይ ማፍሰስ እንደሚያስፈልግ ለእንግዶቹ ነገረቻቸው። አቶ ላምቤቦ ኮታቸውን አውልቀው ተንበረከኩ። ሌሎቹም የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ተከተሏቸው። ክንዳቸው ሲዝል እየተቀባበሉ፣ መብራት እስኪመጣ ቀዱ፤ አፈሰሱ። የሞቱም ነበሩ። አንዲቷ ብርቱካንማ በጎኗ ተኝታ ስትንሳፈፍ ሽማግሌው በሐዲይኛ ቀስ ብለው ይለማመጧት ጀመር። ጭራዋ ነቃ አለ። ከዚያ ቀስ ብላ ተቃናች።

በማግስቱም፣ በሚቀጥሉትም ቀናት ሰው እየመጣ «ዓሦቹ እንዴት አደሩ?» ይል ነበር። ጠያቂው ደንበኛ ሆነና ሱቁ ተረፈ።

ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ ስንት ሱቅ በድምፅ ማጉያ ይከፈታል፤ ዳቦውን በልተን እንበተናለን። ልጄም ባሕሩን በስልኬ ታያለች፤ ዝሆን የሚያክለውን ዓሣ በጣቷ ገፋ አድርጋ ታልፈዋለች። አልፈርድባትም። እኔ ግን ጣት የምታክል ዓሣ በዚያ ሁሉ ሰው ጉልበት መካከል ስትቃና አይቻለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር እስካሁን አላየሁም።