የበሬው ጥግ

ባለፈው ቀዳም ስዑር ጠዋት፣ ኮልፌ በሚገኘው ሰፈራችን ያጋጠመኝ ነገር እስካሁን እረፍት ነስቶኛል። ማንም አልተጎዳም፤ እኔ ግን አልተረጋጋሁም።

መምህር ነኝ። በዚያ ሳምንት ስለ ስፔን የበሬ ፍልሚያ በስልኬ ሳነብ «ኬሬንሲያ» የሚል ቃል አገኘሁ። መነሻው መፈለግን፣ መውደድን የሚገልጽ ግስ ነው። በሬው በፍልሚያው ሜዳ ለራሱ የሚመርጠው፣ ሲጨንቀው ተመልሶ የሚቆምበት ቦታ ማለት ነው። እዚያ ሆኖ የቀረበውን ይወጋል፤ ቦታውን ለቆ ማሳደድ ግን አይወድም። ስፔኖች ልባቸው የሚያርፍበትን ስፍራም በዚሁ ቃል ይጠሩታል።

ቅዳሜ፣ ለቅርጫ የተገዛው በሬ ከአይሱዙ ሲወርድ ገመዱን በጠሰ። መንደሩን ሲያምስ ቆይቶ ለጎረቤቴ ለእማማ ሙሉ የቆርቆሮ በር ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እማማ ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በሩን ሊከፍቱ ነበር። ግንባራቸው ላይ ቄጤማ እንዳሰሩ በበሬውና ከበሩ ጎን ወደ ፊት በወጣው ግንብ መካከል ቀሩ። በሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈትና በሬው ስለዘጋው መግባት አልቻሉም።

የሰፈሩ ወንዶች ዱላ ይዘው ሲጠጉ በሬው አፈር ጫረ።

«አትቅረቡት፤ ቦታውን መርጧል» አልኩና ስለ ቃሉ ማስረዳት ጀመርኩ።

«መምህር፣ ትምህርቱ ከበዓል በኋላ ይሁን» አሉኝ ቅርጫውን የሚያስተባብሩት ጋሽ ደምሴ። «አሁን ምን እናድርግ?»

«እኛ ወደ ኋላ እንበል። እማማ ቀስ ብለው ይወጣሉ።»

«ቢወጋቸውስ?»

«አይወጋም፤ የሚርቀውን አያሳድድም።»

እያጉረመረሙ ራቁ። በሬው አንገቱን አስግጎ ቄጤማውን አሸተተ።

«እማማ፣ ቄጤማውን ይጣሉለት» አልኳቸው።

«የተባረከውን ለከብት? አይሆንም፣ ልጄ።» ከዚያ አተኩረው አዩኝ። «እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

የበሩን እጀታ ለቀቁ። ግንቡን ተደግፈው በቀንዱ አጠገብ አለፉ። በሬው ጭንቅላቱን አዞረ እንጂ አልተከተላቸውም። እኔ ጋ ሲደርሱ ክንዴን ያዙ።

በሬውን በኋላ በድርቆሽ አታለው አወጡት።

አሁን የሰፈሩ ሰው «የበሬው መምህር» ይለኛል። እማማ ሙሉም ባዩኝ ቁጥር ይመርቁኛል። አሜን እላለሁ። የማውቀው ያነበብኩትን ብቻ ነበር፤ ያውም ስለ ሌላ አገር በሬ። «አዎ» ያልኳቸው እርግጠኛ ስለነበርኩ ሳይሆን ሌላ የምላቸው ስላጣሁ ነው። እንደገና ቢጠይቁኝ ምን እንደምመልስ ዛሬም አላውቅም።