ጋሼ ዳኜ ለቀብራቸው ያስቀመጧቸው አምስት ጥይቶች

ጋሼ ዳኜ ጎረቤቴ ናቸው። ቤታቸውንና ቤቴን የሚለያቸው አንድ የድንጋይ ካብ ነው፤ ዶሮዎቻችንም የትኛዋ የማን እንደሆነች ከጠፋን ቆይቷል። ስለ እሳቸው መጻፍ ያሰብሁት ምስጋናዬን ፊት ለፊት መናገር ስለማልችል ነው። ሰው በተሰበሰበበት አፌ ይታሰራል። ለቅሶ ቤት እንኳ እንባዬ እንጂ ድምፄ አይወጣም።

ጋሼ ዳኜ ሦስት ጠመንጃ አላቸው፤ ግድግዳው ላይ በሦስት ችካል ተሰቅለዋል። በበሩ በኩል ያለው ክላሽ ለሰፈሩ ጉዳይ ነው። የበግ ሌባ ሲመጣ፣ ወይም ጉም ወርዶ ሰው መንገድ ሲጠፋበት ይተኮሳል። መካከለኛው ምንሽር ነው፤ ተራቸው ደርሶ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ሲጠብቁ እሱን ይይዛሉ። ሰደፉ ተሰንጥቆ ስለነበር በጥሬ ቆዳ ጠፍረውታል። ሦስተኛው የአባታቸው ውጅግራ ነው፤ ረጅም፣ ከባድ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። እሱ ለቀብር ነው። ድሮ ለደብሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ይተኩሱበት ስለነበር ድምፁን የማያውቅ የለም። "ድም" ሲል ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ጥይቱ እያለቀ ሄዶ አምስት ሲቀረው ግን፣ አምስቱን ለራሳቸው ቀብር ብለው በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው።

ባለቤታቸው እትዬ ደብሪቱ ጠመንጃዎቹን ከአቧራ ሲጠርጉ፣ "ትከሻ አንድ፣ ጠመንጃ ሦስት! አንቱ ሰውዬ፣ ሁለቱን እኔ ልሸከምልዎ?" ይላሉ።

አንድ ቀን እኔም ደፍሬ፣ "ጋሼ፣ አንዱ ለሁሉም አይበቃም?" አልኋቸው።

"ብርነሽ፣ አንቺ ስንት እንዝርት አለሽ?"

"ሁለት።"

"ምነው ሁለት?"

"አንዱ ለጥጥ፣ አንዱ ለበግ ፀጉር ነዋ! በጥጡ እንዝርት የበግ ፀጉር ብፈትል ይሰበርብኛል።"

"ታዲያ እኔ ጠይቄሽ አውቃለሁ?" ብለው ሳቁብኝ።

ባለፈው ዓመት በየካቲት፣ የጓሳ ሣር እንዲታጨድ ሲፈቀድ፣ ለቤቴ ክዳን የሚሆን ላጭድ ከምራቴ ከእየሩስ ጋር ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ እሷ በአህያ ጭና ቀደመች። እኔ የመጨረሻውን ነዶ አጥብቄ ልሰር ብዬ ቀረሁ፤ የላላ ነዶ አልወድም። ቀና ስል አገሩ የለም። ጉም ነው። የያዝሁት ማጭድ አልታይ አለኝ። በአንድ በኩል ሰፈራችን፣ በሌላ በኩል ገደሉ እንዳለ አውቃለሁ፤ የቱ በየት እንደሆነ ግን ጠፋኝ።

ተኩስ ሰማሁ፤ ክላሽ ነው። ጋሼ ዳኜ እየጠሩኝ ነው ብዬ ወደዚያ አቀናሁ። ጥቂት እንደሄድሁ ሌላ ክላሽ ከኋላዬ ጮኸ። ለካ ከገደሉ ማዶ ያለው መንደርም የራሱን ሰዎች እየጠራ ኖሯል። ድምፃቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ወደ ቤቴ፣ አንዱ ወደ ገደሉ ይጠራኛል። አንድ እርምጃ ስጨምር እግሬ የነካው ጠጠር ተንከባልሎ ወረደ፤ ድምፁም ቶሎ አላለቀም። እዚያው ቁጭ አልሁ። "እመቤቴ ማርያም፣ አንቺው ታውቂያለሽ" አልሁ።

ያን ጊዜ "ድም" አለ። ውጅግራው ነው።

ያ ጥይት የጋሼ ዳኜ የቀብራቸው ነዋ! እኔን ሊጠሩ ወጥተው ምን አገኛቸው? መጥፋቴን ረሳሁት። ነጠላዬን እዚያው ጉም ውስጥ አዘቅዝቄ፣ እያለቀስሁ፣ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ድምፁ ሄድሁ። መንገዱ ሲጠፋኝ ደግሞ "ድም" ይላል። በአምስተኛው ላይ የካባችንን ድንጋይ በእጄ ዳሰስሁ።

በደጃቸው ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። መካከል ላይ ጋሼ ዳኜ ፊታቸው በባሩድ ጠቁሮ፣ ውጅግራውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ጋሼ! አልሞቱም እንዴ?"

"አንቺስ አልሞትሽም?" አሉና ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

"ክላሹ ከማዶው ጋር ሲመላለስ ሰምተው፣ 'ይህማ ገደል ይሰዳታል' ብለው ሣጥኑን ሰበሩት" አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ እኔን አቅፈው እያለቀሱ። "ቁልፉ እኔ ወገብ ላይ ነበር! መጠየቅ እኮ ነው!"

ቀለሆቹ መሬት ላይ ወድቀዋል። ቆጠርኋቸው፤ አምስት ናቸው።

"ጋሼ፣ የቀብርዎን ጨረሱት" አልሁ አንገቴን ደፍቼ።

"አንቺ አለሽልኝ አይደለም? በቀብሬ ቀን በጥይቱ ፈንታ ትጮኺልኛለሽ።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ድምፄን ያውቁታላ!

እኔ ግን ቃሌን ሰጠሁ። በጎቼን ሳግድ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቼ ሙሾዬን እለማመዳለሁ። ከሰሞኑም ካቡ ሥር ተቀምጬ እንዲህ አልሁ፦

ለቀብሩ ያኖረው አምስቱ ጥይት፣
ከገደል መለሰኝ አስገባኝ ከቤት።

ከካቡ ማዶ ሳል ተሰማ። "ብርነሽ! አልተሰማም! እኔ እንደሆንሁ ገና አልሞትሁ፤ ጊዜ አለሽ፣ ከፍ አድርጊው!"

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ሆኖም ተነሥቼ ቆምሁና ከፍ አደረግሁት።