የዘይቡ ጨው ቤት

ዘይቡን ሳስባት መጀመሪያ የሚመጣልኝ ድምጿ ነው። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ የእኔንና የእሷን ግቢ የሚለየው ቆርቆሮ ሳይሆን ጥቂት የቡና ዛፍ ነው። ማዶ ልብስ እያሰጣች መንዙማ ስታወጣ፣ እኔ ወዲህ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳላስበው ስቀበላት እገኛለሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቄሱ ይሰሙሻል» ትለኛለች።

«ይስሙኛ፣ ያስለመድሽኝ አንቺ ነሽ» እላታለሁ።

በወጣትነቷ መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅም ነበር። ሴቶቹ ተደርድረው ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ሲለዩ፣ የገለባው ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ እንደ ወርቅ ይንሳፈፋል። እሷ ታወጣለች፣ እነሱ ይቀበላሉ። ያ ያማረ ብናኝ ግን ደረቷ ውስጥ ቀረ። በመውሊድ የሰፈሩን ሴቶች መንዙማ የምታወጣው ሁልጊዜ እሷ ነበረች። አንድ ዓመት ላይ ስንኙን ሳትጨርስ ትንፋሿ አለቀና ተነስታ ከተቀባዮቹ ኋላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ግን ልብስ ስታሰጣም ዝም አለች፤ የእኔም ግቢ አብሮ ዝም አለ።

ባሏ ቲጃኒ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጨው ነጋዴ ነበር። ለሰውም ለከብትም የሚሆን ጨው እስከ ሰኮሩ ከተማ ድረስ ያደርስ ነበር። ከሞተ በኋላ ግቢው ጥግ ያለው የጭቃ ማከማቻው እንደተዘጋ ቀረ። ግድግዳው ዕድሜ ልኩን ጨው ስለጠጣ ነጭ አበባ የመሰለ ነገር ያወጣል። ልጃቸው ሱሀይላ አዲስ አበባ ስፓ ውስጥ ትሠራለች። ለአረፋ መጥታ በሩን ከፈተችው።

«ኡሚ፣ እዚያ እኮ ሰው ቀጠሮ ይዞ ጨው ክፍል ውስጥ ይተኛል። ትንፋሽ ያቀላል ይላሉ። እኛ ደግሞ አይጥ አስቀምጠንበታል» አለች።

ጠረገችው። ወለሉን ሻካራ ጨው አለበሰች፣ የተረፉትን የጨው ድንጋዮች በግድግዳው ዙሪያ ደረደረች፣ ትንሽ ቀይ አምፖል አንጠለጠለች። ዘይቡ ጤና ጣቢያ ሄዳ ብትጠይቅ ሐኪሟ፣ «ደስ ካለዎት ይቀመጡበት እማማ፤ የሚሳበውን መድኃኒት ግን እንዳይተዉ» አለቻት።

«በዚህ መውሊድ አወጣለሁ» አለችኝ ዘይቡ። «ዘንድሮ ካልሆነልኝ ወዲያ የለም። ድምፄን አንድ ጊዜ ሳላገኘው መሞት አልፈልግም።»

ሰኔንና ሐምሌን አብሬያት ተቀመጥኩ። እዚያ ውስጥ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። እንቁላል ውስጥ እንደመቀመጥ ነው፤ ዙሪያው ነጭ፣ ብርሃኑ ቀላ ያለ። ከንፈርሽን ስትልሺው ጨው ጨው ይልሻል። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ ሳላውቀው፣ የሞቱት እናቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥጉ ላይ ሲቀመጡ አያለሁ። ዘይቡ ዓይኗን ጨፍና በቀስታ ትተነፍሳለች። ጨው ይሁን ዕረፍት እንጃ፣ ሳሏ ረገብ አለ።

አንድ ደንበኛ ብቻ አስቸገረን። የጎረቤታችን የአባቦራ ላም ቡሬ በቡናው መሃል ሾልካ እየመጣች ግድግዳውን ከውጭ ትልሳለች። ሻካራ ምላሷ እኛ ዘንድ ድረስ ይሰማል።

«አባቦራ፣ ላምዎ ቤቴን በላችው» አለች ዘይቡ።

«ምን ላድርጋት? እሷም ደረቷን ትታከም።»

ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ ጨው ቤቱን አገኘው። ጨው ውኃ ይስባል፤ ግድግዳው አላበው፣ ወለሉ ረጠበ፣ ቤቱ የጉድጓድ ሽታ ሸተተ። የዘይቡም ትንፋሽ መልሶ አጠረ። መውሊድ ደርሷል። እኛ የጅማ ሰዎች በክረምት ልብስ አልደርቅ ሲለን ከሰል አቀጣጥለን ቤት እናስገባለን፤ በሩን እንዘጋና በነጋታው ደርቆ እናገኘዋለን። እሷም እንደዚያው አደረገች። ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆየችውና ፍሙን አስገባች፣ እርጥበቱ እንዳይመለስ በሩን ገጥማ እሷም አብራ ተቀመጠች።

እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ቡሬን አየኋት። በሩን በግንባሯ እየገፋች ነበር። እንጨቱ በዝናብ በስብሶ ላልቷልና ተከፈተላት። ልመታት ዱላ ይዤ ሮጥኩ። ስደርስ ዘይቡ ራሷን ጨው ላይ አስደግፋ ፈገግ ብላለች፤ ላሟ ትከሻዋ አጠገብ ግድግዳውን ትልሳለች። ብጠራት አልመለሰችም።

አባቦራን ጮኼ ጠራሁና ዘይቡን ጎትተን ወደ ውጭ አወጣናት። ዝናቡ ፊቷ ላይ ሲወርድ ዓይኗን ገለጠች።

«ቲጃኒን አየሁት» አለች።

«ምን አለሽ?»

«ጨው እየጫነ ነው። ‹ዝናብ ሳይመጣ እንሂድ› ይለኛል። እኔ ግን ጫማዬን አጣሁት።»

«እንኳን አጣሽው» አልኳት።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ኦክስጅን ሰጧትና ጭስ ባይኖረውም ከሰል በተዘጋ ቤት እንደሚገድል ነገሯት። ሱሀይላ በስልክ፣ «ኡሚ፣ መጥቼ ልውሰድሽ» ብትላት፣ «ከመውሊድ በፊት የትም አልሄድም» አለች።

የመውሊድ ዕለት ሴቶቹ ሳሎኗን ሞሉት፤ እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘይቡ መድኃኒቷን ሳበችና ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች። ድምጿ ቀጥኗል፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ነው፤ ግን የእሷ ነው። ሁለተኛው ስንኝ መሃል ላይ ተቆረጠ። አፏ ተከፍቷል፣ ቃሉ ግን አልወጣም። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ያኔ ተቀባዮቹ ተራቸው ሳይደርስ ገቡ። ዓይናቸውን እሷ ላይ እንደተከሉ መቀበያው ማብቂያ ላይ ሲደርሱ መልሰው አነሱት፣ እንደገናም አነሱት። ደረቷ እስኪረጋ ድረስ ሳይቋረጥ ያዙት። አንገቷን ነቀነቀችላቸው፤ ለቀቁላት፤ ገባች። ሲያልቅባት ይይዛሉ፣ ሲመለስላት ይለቃሉ። እንዲህ እያለ ያ መንዙማ ከሰማሁት ሁሉ ረዘመ፤ እስከ መጨረሻው ያወጣችው ግን እሷ ናት።

አሁን የጨው ቤቱ በር አይዘጋም። ግማሹ ጨው ቀልጧል፣ የቀረውን ቡሬ ትጨርሰዋለች፤ የሚያባርራት የለም። እኛም ዝናብ ሲያባራ ደፉ ላይ እንቀመጣለን።

ትናንት ጠዋት ከቡናው ማዶ ልብስ ሲራገፍ ሰማሁ፣ ቀጥሎም ድምጿን። ስንኙ መሃል ላይ ቆመ። ቢላዬን አስቀመጥኩና ተቀበልኩ፤ እስክትተነፍስ ድረስ አስረዘምኩት።