ሰው ያልተቀመጠበት ኮርቻ

ዝናብ የመታው የኮርቻ ቆዳ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ያ የመስከረም ቀን ይመጣብኛል። ያኔ ቤታችን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ በምክትል መቶ አለቅነት ተመርቆ፣ መጥቶ ተሰናብቶን ወደ ኦጋዴን ሲሄድ፣ ቦራ የተባለ ፈረሱን ለአባቴ፣ ጭንቀቱን ደግሞ ለእናቴ ትቶላቸው ሄደ።

ክረምቱን በሙሉ ደብዳቤ አልመጣም። አባቴ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪናው ነው የዘገየው» እያለ ያጽናናን ነበር፤ እናቴ ግን ውሻ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ሥራ ትታ ደጅ ትወጣ፣ ሰው ስታጣ በአገውኛ እያጉረመረመች ትመለስ ነበር። «መቶ አለቅነቱ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄን ስጡኝ!» ስትል እኔም አብሬያት መንገዱን አይ ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፈረሱ ይጫንና፣ ልብሱ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ ማንም ሳይቀመጥበት ለቅሶው መሀል ይሳብ ነበር። ስለዚህ እናቴ ቦራን ጭኖ ባዶውን የሚስብ ሰው ካየች አትምረውም ነበር።

መስከረም ጠብቶ አባቴ በቦራ ተቀምጦ ቆሰበር ገበያ ሄደ። ከሰዓት በኋላ እኔና እናቴ አጥሩ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ፣ ቦራ ከሩቅ ብቅ አለ፤ ኮርቻው ላይ ሰው የለም፣ እናቴ ራሷ የፈተለችው፣ ደምሴ ለብሶት የሄደው ጋቢ ተዘርግቶበታል፣ አባቴ ከፊት ሆኖ በእግሩ እየሳበው ይመጣል።

«ልጄን! ልጄን!» ብላ እናቴ ከነቁመቷ ወደቀች። ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸ ወጣ።

አባቴ ልጓሙን ለቆ እየሮጠ መጣ። «ኧረ በማርያም ዝም በሉ! ልጁ ደህና ነው!»

ለካ ደምሴ የመኮንን ካፖርት ስለተሰጠው፣ ጋቢውን ከደብዳቤና ከስኳር ጋር በነጋዴ እጅ ልኮልን ኖሯል። ጋቢው መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት ነበርና፣ አባቴ እቤት እስኪደርስ ይድረቅ ብሎ ኮርቻው ላይ አስጥቶት፣ ደስታው የአገሩን ደንብ አስረስቶት በእግሩ መጣ። ደብዳቤው ሲነበብላት እናቴ አላመነችም፤ «ይሄማ ሳይሞት የጻፈው ይሆናል» እያለች፣ ያን ጋቢ እንዳቀፈች ወራቱን ገፋች።

በጥር ደምሴ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። እናቴ ግን ቤት አላስገባችውም፤ ቦራን አስጭና «መጀመሪያ ውጣበት!» አለችው። በሚያብረቀርቅ ጫማው ወጥቶ ግቢውን ሲዞር እልል አለች፤ ሲወርድ ደግሞ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ጀርባውን እየደበደበች፣ «ሁለተኛ ልብስህን ያላንተ እንዳትልክብኝ!» ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው ሁሉ፣ ቦራ አርጅቶ ከሞተም በኋላ፣ ከሰላምታው በፊት «እምዬ፣ ፈረሴ ላይ ነኝ» ብሎ ይጀምር ነበር።

ዛሬ የልጅ ልጄ መኮንን ሆኖ ጠረፍ ላይ ነው። እንደ ድሮው ክረምት እስኪወጣ አይጠበቅም፣ ስልኩ በእጄ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን እኔም እንደ እናቴ ደጅ ወጥቼ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ልጁ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሲደውል ግን ደህና ዋልሽ ከማለቱ በፊት «አያቴ፣ ፈረሴ ላይ ነኝ» ይለኛል፤ ያን ጊዜ ገብቼ ቁጭ እላለሁ።