አውራ ጣቴን የከለከልኩ ቀን

ይህ የሆነው እዚሁ መቱ ነው፤ ውሸት የመሰለው ሰው ሄዶ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቅ።

የልጅ ልጄ ሰብለ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ፊደል ይገለባበጥባታል። መምህሯ «ሰነፍ ናት» አሉ። ስንፍና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔንም ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በዚሁ ስም ጠርተው ነው ያባረሩኝ።

ጫልቱ የምትባል የኮምፒውተር አስተማሪ «ያምጧት» አለችኝ። ኮምፒውተሩ ቃል ይጠራል፣ ልጅቷ ፊደሎቹን እየጎተተች ትደረድራለች። ስትሳሳት ያለ ቁጣ መልሶ ይጠራላታል። መቶ ጊዜ ብትሳሳት መቶ ጊዜ! እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከሰው አላየሁም። ክረምቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ሴት አያቷን በኦሮምኛ እንደምትጠራው «አኮ፣ እርስዎም ይሞክሩ» ስትለኝ፣ «እኔ የመጣሁት ልጄን ልጠብቅ ነው» እላታለሁ። ዓይኔን ግን ከስክሪኑ አልነቀልኩም።

መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩ ጠሩን። ሰብለ ወደ አንደኛ ክፍል እንድትመለስ ወረቀት አዘጋጅተዋል።

«እማማ፣ መስማማትዎን እዚህ ላይ ይፈርሙ» ብለው የጣት ቀለሙን አስጠጉልኝ።

«ልጅቷን ፈትናችኋታል?»

«ምኗ ይፈተናል? ማንበብ አትችልም እኮ!»

«እስክሪብቶ ስጡኝ።»

«ጣትዎ ይበቃል፣ አይድከሙ።»

«እስክሪብቶ አልኩ!»

ሰጡኝ። ላብ በላብ ሆኜ አንዲት ቃል ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ወዲያ ወዲህ አዟዟሩት፤ አልዋሽም፣ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል።

«ምን የሚል ነው?» አሉ።

ሰብለ አንገቷን አስግጋ፣ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች፣ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦

«አል...ስማ...ማም!»