ዝናብ የዋጠው ክራር

በ1979 ዓ.ም. ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ በመጣው እሑድ፣ ቀበሌያችን የመዝናኛ ቀን አዘጋጀ።

ያኔ ለመዝናናት ብለን ሩቅ አንሄድም ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሮ ፒያሳ መውጣት ለእኛ ለጎፋ ሰዎች እንደ ሩቅ መንገድ የሚቆጠር ነው። የሚበላውም፣ የሚታየውም፣ የሚሰማውም ከቤታችን በእግር የሚደረስበት ነበር። ክረምት ሲገባ የለቡ ገበሬዎች እሸት በቆሎ በአህያ ጭነው ይመጣሉ። በለስ ሻጮች መንገድ ዳር ተቀምጠው እሾሁን በቢላ እየላጡ ያጎርሱናል። በዓል ሲቃረብ ደግሞ በቀበሌው አዳራሽ ኪነት ይታያል። ኪነት የምንለው የቀበሌውን ወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ መቅረት ግን ያስጠይቃል።

እኔ ከሲዳሞ የመጣሁ፣ ወንጌል የተቀበልኩ ሴት ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ቆይቶ ነበር። በየሰው ቤት በር ዘግተን በሹክሹክታ እንዘምራለን። ድምፅ እንዳይወጣ አናጨበጭብም። ሁለት ጣታችንን መዳፋችን ላይ አሳርፈን እናነሳለን፤ እንደገና እናሳርፋለን። ጭብጨባችን ይኸው ነበር። ቆይቶ ቆይቶ እጄ ሌላ ዓይነት ጭብጨባ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሁለት ልጆች ይዤ ቀረሁ። ትንሿ ልጅ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ትልቁ በዚያ ዓመት አሥራ ስምንት ሞላው። ለብሔራዊ ውትድርና ደረሰ ማለት ነው። ከአዲስ ዓመት በኋላ አዲስ ዙር እንደሚጠራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ዙር ከመንገዳችን የሄዱት ገና አልተመለሱም፤ ስለ አንዳንዶቹም የሚነገር ነገር አልነበረም።

ልጄ በመዘምራን መካከል ያደገ ነው። የሚመታው ጊታር ከቤተ ክርስቲያኑ ወንበሮች ጋር ሲወሰድ፣ የቀበሌው ኪነት ክራር ሰጠው፤ እሱም ተቀበለ። አብረውኝ ከሚጸልዩት አንዷ እኅት «ለዓለም እየዘፈነ ነው» አለችኝ። «ጸልዩለት» አልኳት። ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ኪነት የገባ ልጅ ለውትድርና አይነካም ይባል ነበር። በዚያ እሑድ ደግሞ ከከፍተኛው ሰው መጥቶ ጎበዞቹን እንደሚመርጥ ተነገረን። አዳራሽ የሄድኩት ለዚህ ነው።

አልጋዬ ሥር ከረጢት ነበረኝ። ገብስ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በሶ አድርጌ ቋጥሬዋለሁ። ለዘማች የሚሰነቅ ነው። ልጇ ሳይጠራ ስንቅ የምታሰናዳ እናት በገዛ እጇ ትጠራዋለች ይባል ስለነበር ለማንም አልነገርኩም። የቆላሁት ጎረቤቴ ለፍልሰታ ቅዳሴ በሄደችበት ቀን ነው፤ ሽታው እንዳይደርሳት።

ጎረቤቴ የመንዝ ሴት ናት። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ቧንቧችንም አንድ። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። ስትቀልድብኝ ትውላለች እንጂ አሳልፋ አትሰጠኝም። ሐሙስ ሐሙስ ሰዎች እኔ ቤት ለጸሎት ሲሰበሰቡ፣ እሷ ሳፋዋን ይዛ ደጅ ትወጣለች። የሚታጠብ ባይኖራትም የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። እንግዳ ሰው ብቅ ሲል «እንደምን ዋላችሁ!» ብላ ትጮኻለች። እኛም ውስጥ ዝም እንላለን። የእሷ ልጅ ከልጄ እኩያ ነው፤ በኪነቱ ከበሮ ይመታል። አብረው አድገዋል።

በዚያ ቀን ጠዋት ነጠላዋን እያጣፋች ደጄ ላይ ቆመች።

«አንቺ፣ ዘፈን ኃጢአት አይደለም እንዴ? ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?»

«በቆሎ ልበላ።»

«በቆሎ እቤትሽ ሞልቶ የለም?»

«የተጠበሰ የለም።»

ሳቀች። «ግድ የለም፤ ዛሬ ጠላ ካላስቀመስኩሽ የመንዝ ልጅ አይደለሁም።»

«ለሊቀመንበሩ አቅምሺው።»

«እሱማ ሲነጋ ነው የጀመረው። ዓይኑን አላየሽም?»

የአዳራሹ ሜዳ ጭቃ ነበር። ድንጋይና ጣውላ አነጣጥፈውበት እየዘለልን ገባን። የሴቶች ማኅበር ከሰል አቀጣጥሎ በቆሎ ይጠብሳል፤ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ ቦንቦሊኖና ጠላ ይሸጣል። ወጣቶች ጆተኒ ከበው ይጯጯኻሉ። አባወራዎች ገመድ ሲጓተቱ አንደኛው ወገን ጭቃው ላይ ተዘረጋ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄም እስክትወድቅ ሳቀች። ቦንቦሊኖ ገዛሁላት፤ ስኳሩ አፍንጫዋ ላይ ቀረ። በቆሎው ጥሩ ነበር። ጥሩ እንደነበር አውቃለሁ፤ ጣዕሙን ግን አላስታውሰውም። እየበላሁ የማየው የአዳራሹን በር ነበር።

ሁለቱ ልጆች የኪነቱን ካኪ ለብሰው መጡ። ልጄ ከእጄ በቆሎውን ወስዶ ገመጠ።

«እማዬ፣ ከፊት እንዳትቀመጪ።»

«ለምን?»

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትጸልዪ ካየሁሽ ሳቄ ይመጣል።»

የጎረቤቴ ልጅ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። «እትዬ፣ ለእኔም ይጸልዩልኝ። የእኔ እናት በጾሙ ጉልበቷን ጨርሳለች።»

«አንተ አፍህን!» አለችው እናቱ፤ በነጠላዋ ጫፍ መታችው።

እሺ አልኩት። አዳራሽ ገብተን ተቀምጠን፣ የተገኘ ሰው ስም እየተጠራ ሳለ ለሁለቱም ጸለይኩ። እንዴት እንደምጸልይ ግራ ገብቶኝ ነበር። የሚዘፈነውን ዘፈን አውቀዋለሁ፤ እግዚአብሔር የሚባል የለበትም። ቢሆንም «ጌታ ሆይ፣ እጃቸውን ባርክ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ተናገረ። ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር አሰማን። ከከፍተኛው የመጣው ሰው ቀጭን ነው፤ ፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይኼ እህል አይበላም እንዴ? በቆሎ በሰጡት» አለች።

በመጀመሪያ የእሷ ልጅ ከበሮውን ይዞ ብቻውን ወጣ። አዳራሹን አስነሣው። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ቀጭኑም ሰው በጣቱ ጉልበቱን ሲመታ አየሁት። ጎረቤቴ ፊቷን በነጠላ ሸፍና በሳቅና በዕንባ መካከል ነበረች።

ቀጥሎ ልጄ ክራሩን ይዞ ወጣ። ክራሩ ከድምፅ ማጉያው ጋር በገመድ የተያያዘ ነው። ገና እንደ ጀመረ ዝናቡ መጣ። አዳራሹ ኮርኒስ የለውም፤ ቆርቆሮው ብቻ ነው። መጀመሪያ ዝናብ፣ ከዚያ በረዶ ወረደበት። መብራት ጠፋ፤ ድምፅ ማጉያውም አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚሰማ ነገር አልነበረም። በመስኮቱ ብርሃን የልጄን ጣቶች አያለሁ፤ ይንቀሳቀሳሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ቀጭኑ ሰው ሰዓቱን አየ።

ልጄ አላቆመም።

ያኔ ጎረቤቴ ተነሣች። ጣቶቹን እያየች በጣቶቹ ልክ ማጨብጨብ ጀመረች። እልል አለች። የመንዝ እልልታ በረዶ አይችለውም። ከኋላችን ያሉ ሴቶች ተከተሏት፤ ቀጥሎ ወንዶቹ። እኔ ተቀምጬ ነበር። እጄን ጎተተችኝ።

«አጨብጭቢ እንጂ! ልጅሽ እኮ ነው! ሰውዬው ሁለቱንም ይወስዳቸዋል!»

አጨበጨብኩ። መጀመሪያ የእኔ እጅ አልመሰለኝም። መዳፌን አመመኝ። ልጄ ቀሚሴን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ፤ «እማዬ አጨበጨበች!» እያለች ትዘል ጀመር። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ፣ ማንም የማይሰማውን ክራር ያጅብ ነበር። ጣቶቹ ሲቆሙ እኛም አቆምን።

በረዶው ሲያባራ ቀጭኑ ሰው ወደ መድረኩ ወጣ። የልጄን እጅ ይዞ ከፍ አደረገ።

«ሰፊው ሕዝብ መርጧል!» አለ። «ከየቀበሌው አንድ ጓድ እንወስዳለን። የእናንተ ይህ ነው።»

አንድ ማለቱን መጀመሪያ የሰማችው ጎረቤቴ ናት። እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እጆቿም ለጭብጨባ እንደ ተዘረጉ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

ከንፈሬ «ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» ሲል ሰማሁት። ደስ አላለኝም። አላዘንኩምም። እግሬ ቀዝቅዞ ነበር፤ የማስታውሰው እሱን ነው።

ከበሮ መቺው ልጅ ዘሎ መድረክ ወጥቶ ልጄን በትከሻው ተሸከመው። «አንተ! ማንም ሳይሰማህ አሸነፍክ!» እያለ ይስቃል። ሳቁ የእውነት ነበር። ልጄ ግን አልሳቀም፤ ከትከሻው ላይ ሆኖ የእኛን ወንበር ያይ ነበር።

ጎረቤቴ ዞራ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። «እንኳን ደስ አለሽ» አለች።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኩ። የሚባለው ይኸው ነው።

በአንድ ጃንጥላ ተመለስን፤ እሷ ይዛ አልመጣችምና። ትንሿን ልጄን በጀርባዬ አዝያለሁ። በረዶው መንገዱ ጠርዝ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። እሸት ሻጮቹ አህዮቻቸውን ከአጥር ሥር አስጠግተው ቆመዋል። ቧንቧው ጋ ደረስን።

«ጠላውን ሳታቀምሺኝ ቀረሽ» አልኳት።

«ሊቀመንበሩ ጨርሶት ይሆናል» አለች። ጥቂት ሄደን፣ «ገብስ እንኳ አልቆላሁም» አለች። «መጥራት ይሆንብኛል ብዬ። አሁን ደግሞ ዝናብ ነው፤ በዚህ ክረምት ገብስ በየት ይደርቃል?»

ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበልኩት። እሷ ደግሞ የሕፃኗ ጀርባ እንዳይረጥብ መልሳ ወደ እኔ ገፋችው።

እቤት ገብቼ ተንበረከክሁ። ልጄ ስለተረፈልኝ አመሰገንኩ። ያልኩት እውነት ነበር፤ አሁንም አመሰግናለሁ። ደስታው ቆይቶ ይመጣል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ተነሥቼ ራት አቀረብኩ። ከግድግዳው ወዲያ ከበሮ አልተሰማም፤ ሌላ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ማታ ማታ ይለማመድ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ክራሩን ይዞ ወደ ከፍተኛው ሄደ። ከረጢቱን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። አቧራውን አራግፌ በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ጎረቤቴ ገባሁ። ልጇ ጥግ ላይ እስከ አናቱ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከረጢቱን እግሯ ሥር አስቀመጥኩት።

ፈታችው። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች። ወደ እኔ ቀና አለች።

«መቼ ነው የቆላሽው?»

«ፍልሰታ እንደገባ።»

«እኔ ቅዳሴ ስሄድ።»

«አዎ።»

ለማን እንደነበር አልጠየቀችኝም። ወደ ተኛው ልጅ አየች፤ ከዚያ መልሳ ወደ ከረጢቱ።

«ጨው አለው?»

«የለውም።»

«ጥሩ። የእኔ ልጅ ጨው ይወዳል። ሚጥሚጣም ጣል አደርግበታለሁ» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ወንፊት ከበሩ ኋላ አለ፤ አምጪልኝ» አለችኝ።

አመጣሁት። ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። ልጇ እንዳይነቃ ሳፋውን ጨርቅ ላይ አስቀመጥን። እሷ በሶውን ስታፈስ፣ እኔ ወንፊቱን ያዝኩላት።